የአንቡሴልቫን አጭር ፀጉር

ሦስተኛ ዓመት ሳለን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስተማሩን መምህር ከታሚል ናዱ የመጡ ህንዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን ፕሬዘንቴሽን ለማቅረብ ላፕቶፔን ፕሮጀክተሩ ላይ ስሰካ ዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠው ፊልም ለክፍሉ ሁሉ ታየ፦ «ሲንጋም»፣ በአማርኛ ትርጉም። ተማሪው ሳቀ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው አዩና «ይህን ተዋናይ በዚህ ፊልም ነው የምታውቁት?» ብለው አዘኑልን። ከዚያ ነጭ ሰሌዳው ላይ የሌላ ፊልም ስም ጻፉ። ስሙን ጮክ ብሎ ያነበበው ልጅ ክፍሉን ለሁለተኛ ጊዜ አሳቀው፦ «ካካ ካካ»። በአማርኛ ለምን እንደሚያስቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በታሚል ግን የጸሎት ቃል ነው፤ «ጠብቅ፣ ጠብቅ» እንደማለት። ሳቃችሁን እዚህ ጨርሱልኝና እንቀጥል።

ያን ሌሊት ዶርም ውስጥ አራት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ አየነው። የሁሉንም ሰው ድምፅ ይዞ የሚተርክልን ተርጓሚ የለም፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ብቻ። እኔ የለመድኩት የህንድ ፖሊስ በአንድ ቡጢ አስር ሰው የሚበትን፣ ከመምታቱ በፊት ደግሞ ረጅም ንግግር የሚያደርግ ነው። ይሄኛው ፀጉሩን ባጭሩ የተቆረጠ፣ ሲያወራ ድምፁን የማያነሳ፣ ሲተኩስ ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው። ስሙ አንቡሴልቫን፣ ማዕረጉ ረዳት ኮሚሽነር። ገና ከመጀመሪያው ቆስሎ ሞት አፋፍ ላይ እናገኘዋለን፤ ታሪኩን የሚነግረን ከዚያ ሆኖ ወደኋላ እያሰበ ነው። ሲያልቅ ከአራታችን አንድም የተናገረ አልነበረም። በነጋታው ሁለታችን ፀጉራችንን ተቆረጥን።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን ለመገንዘብ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ያን ሌሊት ሰዎች ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ሲገደሉ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። በ«ሲንጋም» እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። በ«ካካ ካካ» ግን አመንኩት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ እምነት ከየት እንደመጣና ታሚል ሲኒማ ራሱ በኋላ ምን እንዳደረገው ለማየት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሚል ፊልም ፖሊስን የወደደው ድሮ ነው። በ1974 በወጣው «ታንጋ ፓታካም» ሲቫጂ ጋኔሳን የሚጫወተው የፖሊስ አዛዥ ለሕግ ሲል የገዛ ልጁን ተኩሶ ይገድላል። የግሪክ ትራጄዲ በሉት፣ ከፈለጋችሁም የአብርሃምና የይስሐቅ ታሪክ በጉ ሳይመጣለት የቀረ። በ1982 ደግሞ ራጂኒካንት በ«ሙንድሩ ሙጋም» አሌክስ ፓንዲያን የሚባል ፖሊስ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ንግግር አዋቂ ፖሊስ ሁሉ የእሱ የልጅ ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ፖሊስ ናቸው ከማለት ንጉሥ ናቸው ማለት ይቀላል። ዩኒፎርሙ ካባ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ለብቻው የቆመ ፊልም አለ፦ የ1995ቱ «ኩሩቲፑናል»። ካማል ሃሳን ጻፈው፣ በካሜራ ባለሙያነቱ የሚታወቀው ፒ. ሲ. ስሪራም አዘጋጀው። የጎቪንድ ኒሃላኒ «ድሮካል» የተባለው የሂንዲ ፊልም ሪሜክ ነው። ዘፈን የለውም፤ አንድም። ለታሚል ፊልም ይህ ሽሮ ያለ በርበሬ እንደማቅረብ ነው። ዋናው ፖሊስ ደግሞ አያሸንፍም። ቤተሰቡ ላይ ሲመጡበት ይሰበርና ለጠላቶቹ ምስጢር ማቀበል ይጀምራል። ህንድ ለኦስካር ልካው ነበር። የፖሊስ ሰው ሊሰበር እንደሚችል፣ መሰበሩም በቤቱ በኩል እንደሚገባ ያሳየው እሱ ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ይህን ሐሳብ ከዘፈን ጋር አዋህዶ ለሰፊው ሕዝብ ያቀረበው ጋውታም ቫሱዴቭ ሜኖን ሆነ።

ሜኖን የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ምሩቅ ነው፤ ስለዚህ እኛ ኢንጂነሪንግ ተምረን ሌላ ሥራ የምንሠራ ሰዎች በዘመድነት እንቆጥረዋለን። የመጀመሪያ ፊልሙ «ሚናሌ» በ2001 የወጣ የፍቅር ፊልም ነበር። ከፍቅር ፊልም ወደ ፖሊስ ሲሻገር ፍቅሩን ጥሎ አልመጣም። ምስጢሩም እዚያ ያለ ይመስለኛል። «ካካ ካካ» ነሐሴ 1 ቀን 2003 ወጣ። ከሦስት ወር በፊት ግን በዚያው ዓመት «ሳሚ» የሚባል ሌላ የፖሊስ ፊልም ወጥቶ ነበር፣ አዘጋጁ ሃሪ፣ ፖሊሱ ቪክራም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው። ሳሚ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ቀልደኛ፣ ለሕዝብ የሚጠቅም ከመሰለው ጉቦም የሚበላ ሰው ነው። አንቡሴልቫን ግን እንደ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ይነሳል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ሰው ያድናል ወይም ይገድላል፣ ቤቱ ይገባል፣ ብቻውን ይተኛል።

ታሪኩ ባጭሩ፦ በቼናይ ከተማ የተደራጁ የወንጀል ቡድኖችን ለማጥፋት አራት ወጣት መኮንኖች በአንድ ልዩ ክፍል ይመደባሉ። አራቱ ጓደኛሞች ናቸው፣ ያገቡት ሚስቶቻቸውን ይዘው አብረው ይበላሉ፣ ይቀላለዳሉ። አንቡሴልቫን ግን የሚወደው ሰው ሁሉ ለጠላት የሚጋለጥ በር መሆኑን ስለሚያውቅ ከሰው ይርቃል። በኋላ ማያ የምትባል አስተማሪ ትመጣለች፣ በሩም ይከፈታል። ቡድኑ አንዱን የወንበዴ አለቃ ሲገድል ወንድሙ ፓንዲያ ሊበቀል ይነሳል። ማያን አግብቶ ገና የጫጉላ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ይወስዷታል። ከጓደኞቹ አንዱ ደግሞ ሚስቱ ስለታገተችበት ይከዳዋል። ማያ ትሞታለች። ሃያ ዓመት ላለፈው ፊልም ስፖይለር የለም፣ ይቅርታ።

እውነተኛ የሚያስመስለው ምኑ ነው? የተኩሱ ትዕይንት አጭር ነው። ፖሊሶቹ የሚያወሩት እንደ ሥራ ባልደረባ ነው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በታሚል፣ ልክ የቼናይ የተማረ ወጣት እንደሚያወራው። (የእኛ ቢሮ ስብሰባም በግማሽ አማርኛ ነው፣ አልፈርድም።) የአር. ዲ. ራጃሴካር ካሜራ ከተማዋን አታሽሞነሙናትም፤ የአንቶኒ ኤዲቲንግ ደግሞ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይቆርጣል። የጂቫን ፓንዲያ ረጅም ፀጉር ያለው፣ ፈገግ እያለ የሚያስፈራ፣ ለምን እንደሚጠላ በደንብ የሚገባን ወንበዴ ነው። የሃሪስ ጃያራጅ ዘፈኖች ግን እዚያው አሉ፤ ራምያ ክሪሽናን የምትጨፍርበት ዘፈን ሳይቀር። ስለዚህ «ሪያሊስቲክ» ሲባል ዶክመንተሪ አይደለም። ልኩ ተመርጦ የተቀመጠ ነገር ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ስለሚመስሉ የሚያደርጉትም ነገር ትክክል ይመስላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገርነው መቼ እንደሆነ አይታወቀንም።

እዚህ ላይ «ኢንካውንተር» የምትለዋን ቃል ማብራራት አለብኝ፣ ያለ እሷ ይህ ታሪክ አይገባም። በህንድ የፖሊስ ቋንቋ ኢንካውንተር ማለት ተጠርጣሪው ከፖሊስ ጋር ሲታኮስ ሞተ የሚል ሪፖርት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሪፖርቱ ከተኩሱ በፊት ያለቀ ነው። በ1990ዎቹ ቦምቤይ ከወንጀል ቡድኖች ጋር ስትታገል በዚህ ሥራ ስም ያወጡ፣ የገደሉት ሰው ቁጥር በጋዜጣ የሚጻፍላቸው መኮንኖች ነበሩ። ነገሩ የቱን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማወቅ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ያወጣውን 16 ነጥብ ያለው መመሪያ ማየት ይበቃል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሰው በሞተ ቁጥር መዝገብ ይከፈት፣ ምርመራውን ከሌላ ጣቢያ የመጣ ሰው ይምራው፣ ገዳዩ ፖሊስ ወዲያው ሹመት ወይም የጀግንነት ሽልማት አይሰጠው ይላል። ሽልማት መከልከል በመመሪያ መጻፍ ካስፈለገ ልማዱ ምን እንደነበር አስቡት።

«ካካ ካካ» ይህን አይደብቅም። ቡድኑ ሰው የሚገድለው አስቦበት ነው። የሰብዓዊ መብት ባለሥልጣናት ጣልቃ ሲገቡ ልዩ ክፍሉ ይፈርሳል፣ አንቡሴልቫንም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይዛወራል። ፊልሙ ግን የሚያዝነው ለእሱ ነው፣ እኛም ከእሱ ጋር።

አሁን ወደ ተጽዕኖው። በ2004 ሜኖን ራሱ በቴሉጉ «ጋርሻና» ብሎ ከቬንካቴሽ ጋር ደገመው። በ2011 በካናዳ ቋንቋ አንድ ሪሜክ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በሂንዲ ጆን አብርሃም «ፎርስ» ውስጥ ያንኑ ሰው ሆነ፣ ወንበዴውን ቪድዩት ጃምዋል ተጫወተው። ሜኖን በራሱ መንገድም ቀጠለ። በ2006 ካማል ሃሳንን ይዞ «ቬታያዱ ቪላያዱ»ን ሠራ፣ ምርመራው ከታሚል ናዱ ኒውዮርክ ድረስ የሚሄድ። በ2015 ከአጂት ጋር «ዬናይ አሪንዳል» መጣ። ሦስቱንም ተመልካቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚያያቸው። ብቸኛ ፖሊስ፣ የሞተች ሴት፣ የጀግናው ድምፅ ከበስተጀርባ።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሰው ፕሮጀክት ፈንክሽን ኮፒ ስታደርጉ የሚሠራውን መስመር ትወስዱና ከላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ትተዋላችሁ። ከ«ካካ ካካ» በኋላ የመጡት ብዙ ፊልሞች አጭሩን ፀጉር፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ፣ የቡድኑን አካሄድ ወሰዱ። ሰው መግደል ወደ ገዳዩ ቤት ተመልሶ እንደሚመጣ የሚነግረውን ክፍል ግን ወይ ቀነሱት ወይ ጌጥ አደረጉት። የሚስት ሞት ለቀጣዩ ተኩስ ነዳጅ ብቻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የሜኖን የራሱ ኋለኛ ፊልሞችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

የሚገርመው በ2010 ሱሪያ ራሱ ወደ ሃሪ ዓለም ተሻግሮ «ሲንጋም»ን መሥራቱ ነው። አንቡሴልቫን የነበረው ሰው እያገሳ መጣ። በእኔ ዴስክቶፕ የነበረው እሱ ነው።

የ2017ቱ «ቴራን አዲጋራም ኦንድሩ» ግን ቆም ብዬ ልናገርበት የሚገባ ነው። ያዘጋጀው ኤች. ቪኖት፣ ፖሊሱን የተጫወተው የሱሪያ ታናሽ ወንድም ካርቲ ነው። መነሻው ኦፕሬሽን ባዋሪያ የተባለ እውነተኛ ዘመቻ ነው፤ በአውራ ጎዳና ዳር ያሉ ቤቶችን እየሰበሩ ሰው የሚገድሉ ዘራፊዎችን የታሚል ናዱ ፖሊስ ሰሜን ህንድ ድረስ ሄዶ ያደነበት። እንደ ምርመራ ፊልም ግሩም ነው። የጣት አሻራ ከክልል ክልል እየዞሩ ማመሳከር፣ በጀት መለመን፣ መዝገብ ማገላበጥ፣ ዓመታት የሚፈጅ ድካም። ከአንቡሴልቫን ይልቅ ለእውነተኛ ፖሊስ ሥራ የሚቀርበው ቴራን ነው። ግን ፊልሙ የዘራፊዎቹን ታሪክ ሲተርክ የአንድን ማኅበረሰብ ታሪክ የወንጀል ታሪክ አድርጎ ያቀርበዋል፣ ትችትም ቀርቦበታል። እንግሊዞች በ1871 ባወጡት ሕግ አንዳንድ ጎሳዎችን በውልደት ወንጀለኛ ብለው መዝግበው ነበር። ሕጉ ህንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ተሽሯል፣ መዝገቡ ግን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ። መዝገብን አምኖ የተሠራ ፊልም የመዝገቡን ጥፋትም አብሮ ይወርሳል።

መልሱ የመጣው ከዚያው ከታሚል ሲኒማ ነው። በኮይምባቶር የሚኖር ኤም. ቻንድራኩማር የሚባል የባጃጅ ሾፌር በአንድራ ፕራዴሽ፣ ጉንቱር ከተማ ፖሊስ ይዞ ያሠቃየው ነበር፤ የደረሰበትን «ሎክ አፕ» ብሎ በልብ ወለድ መልክ ጻፈው። ቬትሪማራን ከዚያ ተነስቶ «ቪሳራናይ»ን ሠራ፣ ትርጉሙ «ምርመራ»። በ2015 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በ2016 ቲያትር ገባ፣ ህንድ ለኦስካር ላከችው። ያልሠሩትን እንዲያምኑ የሚደበደቡ የቀን ሠራተኞች ታሪክ ነው። እንደ «ካካ ካካ» ሁሉ ፖሊሶቹ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፣ ይቀላለዳሉ፣ አለቃ ይፈራሉ፣ ቤተሰብ አላቸው። ልዩነቱ ካሜራው ያለው መሬት ላይ፣ ከተደብዳቢው ጎን መሆኑ ነው። ከግማሽ በላይ ሳላቋርጥ ማየት አልቻልኩም፣ በሁለት ቀን ነው የጨረስኩት።

«ቪክራም ቬዳ» (2017) ደግሞ ጉዳዩን በጨዋታ መልክ አነሳው። የፑሽካርና የጋያትሪ ፊልም፣ ባልና ሚስት ናቸው። ማድሃቫን የሚጫወተው ፖሊስ የገደላቸውን ይቆጥራል፣ ሁሉም ወንጀለኞች ስለነበሩ ሌሊት እንቅልፍ አያጣም። ከገደሏቸው አንዱ ግን መሣሪያ አልያዘም ነበርና ቡድኑ ከተኩሱ በኋላ ቦታውን ያመቻቻል። አያችሁ፣ «ካካ ካካ» ካሜራውን የሚያጠፋበት ደቂቃ ይህ ነው። ተኩሱን እናያለን፣ ሪፖርቱ ሲጻፍ አናይም።

ሰኔ 2020 ላይ ነገሩ ከፊልም ወጣ። በታሚል ናዱ፣ ሳታንኩላም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኮቪድ ገደብ ጊዜ ሱቃቸውን ከሰዓት በላይ ከፍተዋል ተብለው አባትና ልጅ ተያዙ። ጣቢያ ውስጥ ተደበደቡ፣ በቀናት ውስጥ ሁለቱም ሞቱ። ህንድ በሙሉ ተቆጣ። በዚያ ሰሞን የ«ሳሚ»ና የ«ሲንጋም» አዘጋጅ ሃሪ መግለጫ አወጣ፤ ፖሊስን ያሞገሱ አምስት ፊልሞች በመሥራቱ እንደሚጸጸት ተናገረ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ሁለት «ሳሚ»ና ሦስት «ሲንጋም»። አከበርኩት። ግን ደግሞ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ሃሪ እኮ ያን ያህል አላታለለኝም። ሲንጋም ሰው ሲያነሳና ሲጥል ማንም «ፖሊስ እንዲህ ነው» ብሎ አይወጣም። እኔን ያሳመነኝ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር 2021 ግድም፣ «ጃይ ቢም» ወጣ። አዘጋጁ ቲ. ጄ. ግናናቬል ነው። በ1993 ከተፈጠረ እውነተኛ ጉዳይ የተነሳ ነው፤ በስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘ ድሃ ሰው ጣቢያ ውስጥ ይጠፋል፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ፍለጋ ትነሳለች። ፖሊስ «አመለጠ» ይላል። ጠበቃው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገብቶ ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ችሎት ላይ ይሟገታል። ጠበቃው ቻንድሩ ነው፣ በኋላ ዳኛ የሆነ በሕይወት ያለ ሰው። የተጫወተው ማን ይመስላችኋል? ሱሪያ። የፖሊስ ሪፖርት ይዞ እያንዳንዱን መስመር የሚጠይቀው ሰው፣ በ2003 ሪፖርቱ እንዲጻፍ ምክንያት የነበረው ሰው ነው። ድምፁ አሁንም ዝቅ ያለ ነው።

ግናናቬል በ2024 «ቬታያን»ን አመጣ፣ ራጂኒካንትን የኢንካውንተር ፖሊስ አድርጎ። ያ የአሌክስ ፓንዲያን ራጂኒካንት በዚህ ፊልም የተሳሳተ ሰው መግደሉን ይደርስበታል። ፊልሙ እስከ መጨረሻው በአቋሙ አይጸናም፣ ለኮከቡ ሲል ተኩስም ያበዛል። ቢሆንም አንድ ጀግና «የገደልኩት ንጹሕ ሰው ነበር» የሚልበት የራጂኒ ፊልም በዶርሙ ዘመናችን ብናይ ኖሮ አናምንም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ «ካካ ካካ»ን እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም፤ ማያና አንቡሴልቫን የሚተዋወቁበት ክፍል አሁንም ያስፈግገኛል፣ የጓደኛው ክህደት አሁንም ያመኛል። ያን ሌሊት ትዝ ያላለኝን ነገር ግን ትኩር ብዬ አየሁ፤ ቡድኑ የሚፈርስበትን ክፍል። እንደ ደባሪ እንቅፋት ነው የሚያልፈው፣ ታሪኩን ለማዘግየት የገባ ያህል። ዶርም ውስጥ እዚያ ስንደርስ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ፣ ሰውየውን ሥራውን አያሠሩትም እንዴ!» ብሎ የጮኸ ልጅ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ላፕቶፑን የያዘው ልጅ፣ እኔ።